እቴጌ ጣይቱ ብጡልና የመጀመሪያው ሆቴል

ከጂዛን ወደብ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል በመርከብ ለሄደ ሰው የፈረሳን ደሴቶች ይገኛሉ። ከመቶ የሚበልጡ ናቸው፤ ቀድሞ የሉል ጠላቂዎችና የዓሣ አጥማጆች አገር ነበሩ። በ2016 እ.ኤ.አ. የሳዑዲ አረቢያ መንግሥት ከነዳጅ ዘይት ውጭ የሆነ ገቢ ለማግኘት ቱሪዝምን ለማስፋፋት ማቀዱን ካስታወቀ ወዲህ፣ የእነዚህ ደሴቶች ስም ከማረፊያ ቤት፣ ከሆቴልና ከመሰብሰቢያ አዳራሽ ጋር መነሣት ጀምሯል። በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዩኔስኮ ከዓለም የተፈጥሮ ጥብቅ ክልሎች አንዱ አድርጎ መዝግቧቸዋል። ከዚያው ወደብ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ አቡ አሪሽ፣ ሳምጣና አጥ-ጡዋል የሚባሉ ከተሞች አሉ። የአገራችን ልጆች እነዚህን ስሞች የተማሩት ከሆቴል ማስታወቂያ ላይ አይደለም፤ የመንን በእግር አቋርጠው ወደ ጠረፉ ሲደርሱ ነው። እንግዳ መቀበል ትልቅ ንግድ በሆነበት ዳርቻ የእኛ ሰው እንግዳም ባለቤትም ሳይሆን ይገኛል።

እንግዳ መቀበል ሥራ ሆኖ ገንዘብ ሲያመጣ ባለቤቱ ማን ነው? ወጡን የሚሠራው፣ አልጋውን የሚያነጥፈው ማን ነው? ሒሳቡን የሚይዘውስ? ይህ ጥያቄ ለአገራችን አዲስ አይደለም። ከመቶ ዓመት በፊት በአዲስ አበባ የገጠሙት አንዲት ሴት ናቸው። ስማቸው በየትምህርት ቤቱ የሚጠራው በዓድዋ ምክንያት ብቻ ስለሆነ፣ ሌላው ሥራቸው ከጥላው ሥር ቀርቷል። ስለዚህ በዚህ እትም የእቴጌ ጣይቱ ብጡልን ሕይወት እናቀርባለን።

ጣይቱ የተወለዱት በ1840ዎቹ ዓ.ም. ነው። አባታቸው ብጡል ኃይለ ማርያም ከሰሜን መሳፍንት ወገን ሲሆኑ፣ ትግሬንና ሰሜንን ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ አጎታቸው ነበሩ። ዘራቸው ከየጁ ኦሮሞ ባላባቶችም ይመዘዛል። ልጅነታቸው ያለፈው ዐፄ ቴዎድሮስ መሳፍንቱን አንድ በአንድ በሚሰብሩበት ዘመን ነበርና፣ የቤተሰቡ ሥልጣን ሲወድቅ በዓይናቸው አይተዋል። ማንበብና መጻፍ ያውቁ ነበር፤ ይህ በዚያ ዘመን ለሴት ብርቅ ነው። ምኒልክን ከማግባታቸው በፊት ከአንድ ጊዜ በላይ ተድረዋል። አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን እንደ ነውር ሲቈጥሩት ይታያል፤ በዚያ ሥርዓት የመኳንንት ሴት ልጅ ጋብቻ የፖለቲካ ውል ስለነበረ፣ ነውር ካለ የሥርዓቱ እንጂ የእርሳቸው አይሆንም።

በ1875 ዓ.ም. የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን በቁርባን አገቡ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቤተ መንግሥቱ ከእንጦጦ ብርዳም ተራራ ወደ ፍል ውኃው ሜዳ ሲወርድ፣ ለአዲሱ ሠፈር ስም ያወጡት እርሳቸው ናቸው። አዲስ አበባ ተባለ። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው በእንጦጦ ማርያም ነገሡ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ጣይቱ የእቴጌነትን ዘውድ ደፉ።

ስለ ውጫሌ ውልና ስለ ጦርነቱ ብዙ ስለ ተጻፈ በአጭሩ እናልፈዋለን። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል አሥራ ሰባተኛው አንቀጽ በጣልያንኛው ኢትዮጵያን ጥገኛ የሚያደርግ መሆኑ ሲታወቅ፣ ያለ ማመንታት የተቃወሙት እርሳቸው ናቸው። በ1888 ዓ.ም. በመቀሌ ምሽግ የነበረው የጣልያን ጦር እጁን የሰጠው የመጠጥ ውኃው ምንጭ ስለ ተያዘበት ነው፤ የምክሩም ባለቤት እቴጌይቱ እንደ ነበሩ ታሪክ መዝግቧል። የካቲት 23 ቀን በዓድዋ የራሳቸውን ጦር ይዘው ተሰልፈዋል፤ ሴቶቹን አሰልፈው ለተዋጊውና ለቁስለኛው ውኃ አስቀርበዋል። ልብ እንበል፤ መቀሌም ላይ ዓድዋም ላይ ውኃን የጦር ጉዳይ አድርገው አይተዋል። ስንቅና መስተንግዶ የወንድ ጀግንነት ጅራት ሳይሆን የጦሩ ግማሽ አካል መሆኑን ያወቁ ሰው ነበሩ።

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በድሮው ቤተ መንግሥት ግብር ማብላት ማለት ከማብላት በላይ ነበር። የአዲስ አበባው ግቢ ታላቁ አዳራሽ በሺሕ የሚቈጠር ሰው በተራ በተራ የሚመገብበት ነበር። መጀመሪያ ንጉሡና ታላላቆቹ ከመጋረጃ ውስጥ ይበላሉ፤ ከዚያ መጋረጃው ይገለጥና ሹማምንቱ፣ ቀጥሎ ወታደሩ፣ በመጨረሻም ተርታው ሰው ይገባል። ማን ከማን በላይ እንደ ተቀመጠ፣ ማን ከየትኛው ብልት እንደ ተቈረጠለት የተመለከተ ሰው የአገሩን ሥልጣን አቀማመጥ ከማንኛውም መዝገብ ይበልጥ ያነብ ነበር። ሹመት የሚሰማው፣ አቤቱታ የሚቀርበው፣ ጀግና የሚፎክረው እዚያው ነው። ዛሬ የመሰብሰቢያ አዳራሽ የምንለው በጊዜው መልኩ ይህ ነበር ብንል ስሕተት አይሆንም።

ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሱት ጣይቱ ነበሩ። በ1887 እ.ኤ.አ. የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ አምስት ቀን የዘለቀ ግብር አሰናድተዋል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ስለ ዐፄ ምኒልክ በጻፈው፣ በ1909 እ.ኤ.አ. በሮም በታተመው መጽሐፉ ውስጥ ያንን ድግስ በሰፊው ተርኮታል። ከየአውራጃው የመጣው ቅመም፣ የወጡ ዓይነት፣ የጠጁ ብዛት፣ የሰፌዱና የእንስራው ሰልፍ፤ የኋላ የታሪክ ተመራማሪዎችም ዛሬ የኢትዮጵያ ምግብ ብለን የምንጠራው ማዕድ መልክ የያዘው በእንዲህ ያሉ ድግሶች ነው ብለዋል። የጎንደሩ፣ የሸዋው፣ የየጁው ሙያ በአንድ ሴት ትእዛዝ ሥር አንድ ላይ ተቀመጠ።

የዚህ መጽሔት አንባቢ ግን እዚህ ላይ ዝም ብሎ አያልፍም። ሰንጋው የማን ነው? ማሩስ? የገባሩ ነው። በሬውን ያሳደገው፣ ማሩን የቈረጠው፣ እንጨቱን ከእንጦጦ የተሸከመው ሰው ከአዳራሹ ቢገባ እንኳ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው። በድንጋይ ወፍጮ ላይ ያደሩት ሴቶችማ ስማቸው በየትኛውም ታሪክ አልተጻፈም። ጣይቱን ማክበር ይህን መሸፈን አይደለም፤ ይህን መናገርም የእርሳቸውን ችሎታ መካድ አይደለም። ሁለቱም እውነት ናቸው።

ከዓድዋ ድል በኋላ የአዲስ አበባ ኑሮ ተለወጠ። የፈረንሳይ፣ የእንግሊዝ፣ የሩስያ፣ የጣልያን መልእክተኞች መጡ፤ በ1903 እ.ኤ.አ. አሜሪካኖች ውል ተዋዋሉ፤ በ1905 ጀርመኖች ተከተሉ። የምድር ባቡሩ ሐዲድ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ስለ ደረሰ ነጋዴው በዛ። ባንክ ተከፈተ። እንግዳ ሁሉ ግን ወይ ድንኳን ይተክላል፣ ወይ በአንድ መኰንን ግቢ ይጠለላል፤ ቀለቡም ከቤተ መንግሥት በድርጎ ይላካል። የድርጎ እንግዳ ለባለ አገሩ ክብር ነው፤ ሲበዛ ግን ዕዳ ነው።

ጣይቱ ለዚህ ያገኙት መልስ ከዘመናቸው መኳንንት አንዱም ያላሰበው ነው። በ1907 እ.ኤ.አ. ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙ ሳይርቅ፣ በኋላ ፒያሳ በተባለው ሠፈር፣ እንግዳ ገንዘብ ከፍሎ የሚበላበትና የሚያድርበት ቤት በስማቸው ተከፈተ። እቴጌ ሆቴል ተባለ። ሰፊ የእንጨት ደረጃና በረንዳ ያለው ፎቅ ቤት ነው።

ችግሩ ቤቱን መሥራት አልነበረም። በዚያ ዘመን አስተሳሰብ ጠላና ጠጅ መሸጥ የድኻ ሴት ኑሮ ነው፤ ጌታ ሰው ያበላል እንጂ አይሸጥም፤ በልቶ መክፈልም የመዋረድ ያህል ነበር። ንግድን መናቅ የባላባቱ ሥርዓት ዋና በሽታ ነው፤ ሸማኔውን ቍጢት፣ አንጥረኛውን ቡዳ ያሰኘው ይኸው በሽታ ነው። እንደሚነገረው ሆቴሉ ተከፍቶ ደንበኛ ሲጠፋ ምኒልክ ራሳቸው ሹማምንቱን አስከትለው ሄደው በሉና ሒሳብ ከፈሉ፤ የንጉሡን አርአያ አይቶ ሌላው ማፈሩን ተወ። ታሪኩ ሲወራ የምኒልክ ቀልድ ተደርጎ ነው። እኛ ግን ከቀልዱ ባሻገር እንየው። የአገሪቱ እቴጌ ምግብ ሻጭ ለመባል ደፍረዋል። ያ ድፍረት ከመቀሌው ምክር የሚያንስ አይደለም፤ ምናልባትም ይበልጣል፤ በመቀሌ ጠላቱ ከፊት ነበር፣ እዚህ ግን ከገዛ ወገን ልብ ውስጥ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ዘመን መራር ነው። ምኒልክ በሕመም ሲደክሙ የመንግሥቱ ሥራ በጣይቱ እጅ ገባ። ሾሙ፣ ሻሩ፣ ዳኙ። ለሰሜን ዘመዶቻቸው ማድላታቸው እውነት ነው፤ ወንድማቸውን ራስ ወሌንና የወንድማቸውን ልጅ ራስ ጉግሣን ለማጠናከር ሠርተዋል። የሸዋ መኳንንትም ለየራሳቸው ወገን ይህንኑ ሲያደርጉ ኖረዋል። ልዩነቱ ጣይቱ ሴትም፣ ጎንደሬም መሆናቸው ነው። መጋቢት 12 ቀን 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ አድመው ከመንግሥት ሥራ አስወገዷቸው፤ ባልዎን ያስታሙ ተባሉ። ጦር የመሩትን ሴት ወደ ጓዳ መልሰው ሥራው ሁሉ የተቃና መሰላቸው። ሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወር ያህል የታመመውን ንጉሥ አስታመሙ።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ምኒልክ ሲሞቱ ጣይቱ ከግቢው ወጥተው ወደ እንጦጦ ተላኩ። እንጦጦ ያ ታላቅ ድግስ የተደገሰበት ቦታ ነው። አሁን ግን የሚያበሉት ሰው አልነበራቸውም። በ1909 ዓ.ም. መጀመሪያ ዘውዲቱ ሲነግሡ የጣይቱ ነገር ይሻሻላል ያለ ነበር፤ የወንድማቸው ልጅ ሚስት ነበሩና። ሆኖም በ1910 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ወደ ጎንደር ሄደው በዚያ ዕድሜያቸውን ለመጨረስ ያቀረቡት ጥያቄ አልተፈቀደም። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. በእንጦጦ ዐረፉ። አፅማቸው በኋላ ወርዶ በበዓታ ለማርያም ከምኒልክ አጠገብ ዐርፏል።

አዲስ አበባ ከእርሳቸው በኋላ የስብሰባ ከተማ ሆነች። በ1961 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ፤ በግንቦት 1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እዚያ ተመሠረተ፤ በ1969 ሒልተን ተከፈተ። በአዳራሹ መስተዋትና በሒልተኑ መዋኛ ላይ ብዙ ተጽፏል። እቴጌ ሆቴል ግን ርካሽ አልጋ የሚፈልግ መንገደኛ ቤት ሆኖ ቀጠለ። በደርግ ዘመን መንግሥት ሲያስተዳድረው ቆየ፤ በኋላም ወደ ግል እጅ ተላለፈ። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሳት ተነሥቶ ከቤቱ ብዙውን ክፍል አቃጠለው። ሰዉ ከያለበት ወጥቶ በመንገዱ ላይ ቆሞ ሲያይ ዋለ፤ ከዚያ በኋላ ተጠግኖ እንደገና እንግዳ ተቀበለ።