ሃሮልድ ሪድሊ፦ የሰው ሠራሽ ሌንስ ጅማሮና ተመልሶ የመጣው ግርዶሽ

እንግሊዛዊው የዓይን ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ እ.ኤ.አ. በ1906 በሌስተርሻየር ተወለዱ። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና በለንደኑ ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ሕክምናን አጥንተው በዚያው ሆስፒታልና በሙርፊልድስ የዓይን ሆስፒታል አገልግለዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በጎልድ ኮስት፣ በዛሬዋ ጋና፣ ተመድበው በዓይን ላይ ጉዳት ስለሚያደርሰው ኦንኮሰርሲያሲስ ያካሄዱት ጥናት በ1945 ታትሟል።

በዚያ ዘመን የዓይን ሞራ ግርዶሽ ቀዶ ሕክምና ጎድሎ የሚቀር ነበር። የደፈረሰው ሌንስ ሲወጣ በስፍራው የሚተካ ባለመኖሩ፣ ታካሚው ምስልን አግዝፎ የሚያሳይና የዳር እይታን የሚያዛባ ወፍራም መነጽር ለማድረግ ይገደድ ነበር።

ሪድሊ በጦርነቱ የቆሰሉ አብራሪዎችን ሲመረምሩ፣ ከተዋጊ አውሮፕላን መስኮት የተፈናጠረ የፐርስፔክስ ስብርባሪ ዓይን ውስጥ ገብቶ ብዙም ብግነት ሳያስከትል እንደሚቆይ አስተዋሉ። ፐርስፔክስ የፖሊሜቲል ሜታክሪሌት የንግድ ስም ነው። ከሬይነር ኩባንያ ባለሙያ ጆን ፓይክ ጋር በመመካከር ለሕክምና እንዲበቃ ከተጣራ ፐርስፔክስ ሌንስ አሠሩ። ኅዳር 29 ቀን 1949 (እ.ኤ.አ.) በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የመጀመሪያውን ሙከራ አደረጉ፤ ሌንሱ በቋሚነት የተተከለው ግን በየካቲት 1950 ነው።

ውጤቱ ተስፋ ሰጪ ቢሆንም እንከን አላጣውም። የሌንሱ ቅርጽ የተፈጥሮውን የተከተለ ሲሆን፣ ፐርስፔክስ ብርሃንን የማጠፍ ኃይሉ ከተፈጥሮ ሌንስ ስለሚበልጥ ታካሚዋ ለከፍተኛ የቅርብ እይታ ተዳረጉ። ሌንሱ ከቦታው መንሸራተቱ፣ ብግነትና የዓይን ግፊት መጨመርም በሌሎች ታካሚዎች ላይ ታዩ። ሪድሊ ግኝታቸውን በ1951 በኦክስፎርድ ጉባኤ ሲያቀርቡ ስመ ጥሩን ስቱዋርት ዱክ-ኤልደርን ጨምሮ ብርቱ ተቃውሞ ገጠማቸው። ባዕድ አካልን ማውጣት እንጂ ማስገባት የሐኪም ተግባር አይደለም የሚለው አስተሳሰብ ለዓመታት ጸንቶ ቆየ።

ከችግሮቹ ሁሉ ዘላቂው ግን የኋለኛው ከረጢት መደፍረስ ነው። ሪድሊ የሌንሱን የኋላ ሽፋን በስፍራው አስቀርተው ሰው ሠራሹን ሌንስ ከፊቱ ያኖሩ ነበር። በከረጢቱ ጠርዝ የቀሩ ኤፒተልየማዊ ህዋሳት ተባዝተው ወደ ሽፋኑ ሲዛመቱ እይታን ዳግም ይጋርዳሉ። እንግዲህ የሚደፈርሰው የታካሚው ሽፋን እንጂ ሌንሱ አይደለም፤ ዛሬም በያግ ሌዘር ሽፋኑን በመብሳት ይታከማል። ከዚህ የተለየው የራሱ የሌንሱ ቁስ መደፍረስ ነው። በአንዳንድ የውኃ ወዳድ አክሪሊክ ሌንሶች ላይ የካልሲየም ክምችት ሲፈጠር ሌዘር መፍትሔ ስለማይሆን፣ ሌንሱን አውጥቶ መለወጥ ግድ ይላል። ሁለቱን አለመለየት ታካሚውን ለከንቱ ሌዘር ይዳርጋል፤ የተበሳው ከረጢትም ኋላ ሌንስ ለመለወጥ የሚደረገውን ቀዶ ሕክምና ያከብዳል። ህዋሳቱን በመግታት ረገድ ከቁሱ ዓይነት ባልተናነሰ የሌንሱ የኋላ ጠርዝ ስለታም ማዕዘን እንደሚረዳ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል።

ሪድሊ በ1966 ከፒተር ቾይስ ጋር ዓለም አቀፍ የሌንስ ተከላ ማኅበር መሠረቱ። በ1986 የንጉሣዊው ሳይንስ ማኅበር አባልነትን፣ በ2000 ደግሞ የሰርነት ማዕረግን አገኙ። በስተርጅና የራሳቸውም ዓይኖች በሞራ ሲጋረዱ ሌንስ ተተክሎላቸዋል። በ2001 በ94 ዓመታቸው ሲያርፉ በመላው ዓለም ሚሊዮኖች በሰው ሠራሽ ሌንስ ያዩ ነበር። የጀመሩት ሥራ የሚጠይቀው ጥርት ያለ ቁስ ማግኘትን ብቻ ሳይሆን፣ ሕያው ህዋስ ለዚያ ቁስ የሚሰጠውን ምላሽ መረዳትንም ጭምር ነው።