ዐይነ ስውሩ የቁጥር ሊቅ ሌዎንሃርድ ኦይለር

ሌዎንሃርድ ኦይለር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1707 ዓ.ም. በስዊስ አገር በባዝል ከተማ ተወለደ። አባቱ የፕሮቴስታንት ቄስ ስለ ነበረ፣ ልጁም ቄስ እንዲሆንለት ይመኝ ነበር። ነገር ግን ስመ ጥሩው የሒሳብ መምህር ዮሐን ቤርኑሊ የልጁን ተሰጥዎ ተመልክቶ አባትየውን ስላግባባው፣ ኦይለር ወደ ሒሳብ ትምህርት አዘነበለ። በ1727 ዓ.ም. ገና በ20 ዓመቱ ወደ ሩሲያ ሄዶ በሴንት ፒተርስበርግ አካዳሚ ሥራ ያዘ። በዚያም ሳለ፣ ታላቁ ፌርማ ብቸኛ ቁጥር ነው ብሎ ያምንበት የነበረው 4,294,967,297 ለ641 ያለ ቀሪ እንደሚካፈል አሳየ።

በ1738 ዓ.ም. የቀኝ ዐይኑ ጠፋ። ከ1741 ዓ.ም. ጀምሮ 25 ዓመት በበርሊን ሠርቶ ወደ ሩሲያ ሲመለስ ግራውም ዐይኑ ደከመ። በ1771 ዓ.ም. ቤቱ ተቃጠለና አንድ የአገሩ ሰው ከእሳት ውስጥ ተሸክሞ አወጣው። በዚሁ ዓመት ዐይኑን ቢታከምም ብርሃኑ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ተመልሶለት እንደ ገና ጨለመበት። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ሥራውን በተወ ነበር።

ኦይለር ግን በ1772 ዓ.ም. ከዚህ በፊት ማንም ያላረጋገጠውን ነገር አረጋገጠ። ሁለትን 31 ጊዜ ደርድረን ብናባዛና ከውጤቱ 1 ብንቀንስ 2,147,483,647 እናገኛለን። መርሰን የተባለ ፈረንሳዊ መነኵሴ ይህ ቁጥር ብቸኛ ነው፣ ይኸውም ከ1ና ከራሱ በቀር ለማንም አይካፈልም ብሎ በ1644 ዓ.ም. ጽፎ ነበር፤ ማስረጃ ግን አላቀረበም። አካፋይ ቢኖረው ኖሮ፣ አንዱ አካፋይ ከ46,340 የማይበልጥ መሆን ነበረበት፤ ሁለቱም ከዚያ ቢበልጡ ብዜታቸው ከቁጥሩ ያልፋልና። ይሁን እንጂ እስከዚያ ያለውን ሁሉ መፈተን አድካሚ ነው። ኦይለር ግን ብቸኛ የሆነ አካፋይ ቢኖረው፣ ያ አካፋይ ለ248 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 63 ብቻ መሆን እንዳለበት አስረዳ። በዚህ መንገድ የሚፈተኑት ቁጥሮች ከ400 በታች ሆኑ። ከእነዚህም 63ና 249 ለ3 ስለሚካፈሉ ይቀራሉ፤ የመጀመሪያው 311 ነው። የሚወድ ተማሪ በወረቀት ይሞክረው፤ 35 ይቀራል። ኦይለር እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ፈተነና አንድም አካፋይ አጣ። በዚያ ዘመን ልጆቹና ተማሪዎቹ የሚነግራቸውን ይጽፉለት ነበር።

በ1811 ዓ.ም. ባርሎው የተባለ እንግሊዛዊ፣ ከዚህ ቁጥር የሚበልጥ የዚህ ዓይነት ቁጥር ለመፈለግ የሚደክም ሰው ይኖራል ብሎ አልገመተም። ግምቱ ስሕተት ነበር፤ ሉካስ በ1876 ዓ.ም. ባለ 39 አኃዝ አገኘ። ሆኖም የኦይለር ቁጥር በብዙ ኮምፒዩተሮች በ32 ቢት የሚጻፈው ትልቁ ሙሉ ቁጥር ስለ ሆነ ዛሬም ሥራ አልፈታም።

ኦይለር በሴፕቴምበር 18 ቀን 1783 ዓ.ም.፣ በቅርብ ስለ ተገኘው ስለ ኡራኑስ ፕላኔት ምሕዋር ከባልደረባው ጋር ሲነጋገር ውሎ፣ በ76 ዓመቱ በድንገት ዐረፈ።