የአንጎልን ሞገድ በወረቀት ያሰፈረው ሐኪም፥ ሐንስ በርገር

ሐንስ በርገር በጀርመን አገር በኮቡርግ ከተማ አጠገብ በምትገኘው በኖይዜስ መንደር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1873 ዓ.ም. ተወለደ። አባቱ ሐኪም፥ የእናቱ አባት ደግሞ ስመ ጥሩው ባለቅኔ ፍሪድሪኽ ሩኬርት ነበር። ወጣቱ በርገር አስቀድሞ የተመኘው የከዋክብትን ትምህርት ነበር፤ ነገር ግን ለውትድርና በገባ ጊዜ ከፈረስ ወድቆ በመድፍ ሠረገላ ከመደፍጠጥ ለጥቂት ተረፈ። በዚያው ዕለት በሩቅ የነበረችው እኅቱ ወንድሟ አደጋ እንደ ደረሰበት ተሰምቷት አባቷን ቴሌግራም አስመታችው። በርገር ይህን ያደረገ ከአእምሮ የሚወጣ ኃይል መስሎት ያንን ኃይል ለመፈለግ ሕክምና ተማረ። የፈለገውን አላገኘም፤ በፍለጋው ላይ ግን ሌላ ነገር አገኘ።

በ1897 ዓ.ም. በዬና ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ፈጽሞ በዚያው በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሥራ ያዘ፤ በ1919 ዓ.ም. የሆስፒታሉ አለቃ ሆነ። እንግሊዛዊው ሪቻርድ ኬተን በ1875 ዓ.ም. በእንስሳት አንጎል ላይ ኤሌክትሪክ መኖሩን ገልጦ ነበር። በርገር ደግሞ በ1924 ዓ.ም. በቀዶ ሕክምና የራስ ቅሉ አጥንት በከፊል የተነሣለትን አንድ የ17 ዓመት ልጅ በጋልቫኖሜትር መርምሮ የምትወዛወዝ ቀጭን መስመር አየ።

ሌላ ሰው ቢሆን ወዲያው ባወጀ ነበር፤ እርሱ ግን አምስት ዓመት ዝም አለ። መስመሯ ከአንጎል መውጣቷን በምን ያውቃል? የልብ ምት፥ የደም ሥር ትርታ፥ የጡንቻ መኮማተር፥ የዓይን መርገብገብ ሁሉ ይህን የመሰለ ምልክት በወረቀት ላይ ይጥላሉ። ስለዚህ የልብን ምት ጎን ለጎን እየመዘገበ አስተያየ፤ ጤነኞችን፥ የገዛ ልጁን ክላውስን እንኳ ሳይቀር፥ ደጋግሞ መረመረ። ጽሑፉንም በ1929 ዓ.ም. አሳተመ። ጤነኛ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ዐርፎ ሲቀመጥ በሴኮንድ 10 ጊዜ ያህል የሚመላለስ ሞገድ ይታያል፤ ዓይኑን ሲገልጥ ይጠፋል። ይህንን አልፋ፥ ፈጣኑንና ትንሹን ቤታ ብሎ ጠራው።

እንደ እኔ አስተያየት ከሥራው ሁሉ የሚበልጠው ይህ የጤነኛውን መልክ አስቀድሞ ማወቁ ነው። ከእርሱ በኋላ የመጡት ሐኪሞች ያላዋቂን የሚያስደነግጡ፥ ነገር ግን ጉዳት የሌላቸው ሌሎች ምልክቶችም አገኙ። በእንቅልፍ ጊዜ እንዝርት የመሰለ ሞገድ ይመጣል፤ ሌላው ቀስት መሳይ ሆኖ እጅ ሲጨበጥ ይጠፋል፤ ልጅ በኃይል ደጋግሞ ሲተነፍስም ትልልቅና ዝግተኛ ሞገድ ይታያል። ይህን ለይቶ የማያውቅ መርማሪ ጤነኛውን የሚጥል በሽታ አለበት ብሎ ለዓመታት በከንቱ መድኃኒት ያስውጠዋል።

ግኝቱን ብዙዎች ተጠራጥረውት ሳለ በ1934 ዓ.ም. የካምብሪጆቹ ኤድሪያንና ማቲውስ ሙከራውን ደግመው እውነት መሆኑን መሰከሩ። ከዚያ ወዲህ ስሙ በዓለም ተሰማ።

ታሪኩን የሚያወሱ ብዙዎች የሚዘሉት ነገር ግን አለ። በናዚዎች ዘመን በ1933 ዓ.ም. የወጣው ሕግ በዘር ይወረሳል የተባለ በሽታ ያለበት ሰው በግድ እንዲመክን ያዝ ነበር፤ የሚጥል በሽታም ከነዚሁ አንዱ ነበር። በዬና በዚህ ጉዳይ በሚፈርደው ፍርድ ቤት በርገር ከዳኞቹ ጋር ተቀምጧል። አንዲት መስመር የበሽታም የጤናም ምልክት ከመባሏ በፊት አምስት ዓመት የመረመረ ሰው በእንዲህ ያለ ሸንጎ መቀመጡ እጅግ ያሳዝናል።

በ1938 ዓ.ም. ከሥራው ተሰናበተ። ከሦስት ዓመት በኋላ፥ በ1941 ዓ.ም. በሰኔ ወር መጀመሪያ፥ መንፈሱ በብርቱ ታውኮ ሳለ በዬና በገዛ እጁ ሞተ።