ቶማስ ክራንመርና የኦክስፎርድ ቅድስት ማርያም

በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ከተማ፤ ሃይ ስትሪት በሚባለው ዋና መንገድ ዳር፤ ኮሌጆች የከበቧት አንዲት ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን አለች። ስሟ ቅድስት ማርያም ነው። የደወል ግንቧ በ13ኛው መቶ ዓመት የተሠራ ነው። ዩኒቨርሲቲው ገና የራሱ አዳራሽ ሳይኖረው ጉባኤውን የሚያደርገው፤ መጻሕፍቱን የሚያስቀምጠው፤ ማዕረግም የሚሰጠው በዚህችው ቤተ ክርስቲያን ነበር። ይሁን እንጂ በታሪክ ይበልጥ ያስጠራት፤ ማዕረጉን የተገፈፈ አንድ ሽማግሌ በማርች 21 ቀን 1556 በውስጧ ቆሞ የተናገረው ነገር ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ይህ ሰው ቶማስ ክራንመር ነው። በ1489 በኖቲንግሃምሻየር አውራጃ አስላክተን በምትባል መንደር ተወለደ። የተማረው በኦክስፎርድ ሳይሆን በተፎካካሪዋ በኬምብሪጅ ነው። በወጣትነቱ ሚስት በማግባቱ የኮሌጅ ቦታውን አጣ፤ ሚስቱ በወሊድ ከሞተች በኋላ ግን ኮሌጁ መልሶ ተቀበለው፤ ክህነትም ተቀበለ። እስከ አርባ ዓመቱ ድረስ ስሙ ከትምህርት ቤት ግቢ ውጭ እምብዛም አይታወቅም ነበር።

ዕድሉን የለወጠው የንጉሡ የትዳር ጉዳይ ነው። ሄንሪ 8ኛ ከንግሥት ካተሪን ወንድ ወራሽ ስላላገኘ ጋብቻው እንዲፈርስለት የሮማውን ፓፓ ቢለምን ነገሩ ተጓተተ። በ1529 ክራንመር በኬምብሪጅ የገባውን ወረርሽኝ ሸሽቶ ዋልታም በሚባል ስፍራ ሳለ ከሁለት የንጉሡ አማካሪዎች ጋር ተገናኘ፤ በጨዋታም መካከል ጉዳዩ በሮማ ችሎት ከሚንገላታ የዩኒቨርሲቲዎች የሃይማኖት ሊቃውንት ፍርዳቸውን ቢጠየቁ እንደሚሻል አሳብ ሰጠ። ይህ አሳብ ንጉሡ ጆሮ ደረሰና ደስ አሰኘው። ያ ጸጥተኛ መምህር በ1533 የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ሆነ።

በዚያው ዓመት የካተሪንን ጋብቻ አፈረሰ፤ አን ቦሊንንም ንግሥት አድርጎ ዘውድ ጫነላት። ሦስት ዓመት ሳይሞላ የአንንም ጋብቻ አፈረሰ። እውነቱን ለመናገር፤ በዚህ ዘመን የክራንመር ታሪክ ለንጉሥ እሺ የማለት ታሪክ ነው። ከሹመቱ በፊት በጀርመን አገር ማርጋሬት የምትባል ሴት በስውር አግብቶ ነበር፤ በ1539 የካህናትን ጋብቻ በብርቱ የሚቀጣ ሕግ ሲወጣ ወደ አገሯ ሰደዳት። ስለ ሃይማኖት የሰው እሳት መቃጠልም በእሱ ዘመን የቀረ ነገር አልነበረም፤ ጆአን ቦቸር የተባለችው ሴት በ1550 በሎንዶን የተቃጠለችው እሱ ራሱ በተቀመጠበት ጉባኤ ተፈርዶባት ነው።

የሚወደስበት ታላቅ ሥራው የተፈጸመው ሄንሪ ሞቶ ልጁ ኤድዋርድ 6ኛ በነገሠ ጊዜ ነው። በ1549 በእሱ መሪነት በእንግሊዝኛ የተጻፈው የጸሎት መጽሐፍ ወጣ፤ ሕዝቡም እስከዚያ በላቲን ይሰማው የነበረውን ቅዳሴ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሰማ። የግዕዙን ቅዳሴ ለሚያውቅ ሰው የዚህ ነገር ክብደት አይሰወረውም።

ኤድዋርድ በ1553 በ15 ዓመቱ ሲሞት ዘውዱ፤ ጥቂት ቀን ከፈጀ ሽኩቻ በኋላ፤ ለካተሪን ልጅ ለማርያም ደረሰ። እንግዲህ ክራንመር የእናቷን ትዳር ያፈረሰ ሰው ነው፤ በዚያም ላይ ዘውዱ ለጄን ግሬይ እንዲሰጥ ፈርሟል። ተያዘ፤ በ1554 ከሁለት ጳጳሳት፤ ከላቲመርና ከሪድሊ ጋር ወደ ኦክስፎርድ ወህኒ ተላከ። በሴፕቴምበር 1555 በቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ከፓፓው እንደራሴ ፊት ቀረበ። በኦክቶበር 16 ሁለቱ ባልንጀሮቹ ከከተማው ቅጥር ውጭ ሲቃጠሉ ከወህኒው ግንብ ላይ ሆኖ አየ።

ከዚያ በኋላ ልቡ ተሰበረ። ትምህርቱን የሚክድ ጽሑፍ ፈረመ፤ አልበቃም ሲሉት ሌላ ፈረመ፤ እንዲህ እያለ ብዙ ጊዜ ደጋገመው። በቤተ ክርስቲያን ልማድ የተጸጸተ መናፍቅ ከሞት ይድን ነበር፤ ንግሥቲቱ ግን አልማረችውም።

በመጨረሻው ቀን ዝናብ ስለ ነበረ በሜዳ ሊሰበክ የታሰበው ስብከት ወደ ቅድስት ማርያም ገባ። ክራንመር ከአንድ ዓምድ አጠገብ በተሠራ መድረክ ላይ ቆመ፤ ለመድረኩ ተብሎ ዓምዱ ላይ ተፈለፈለ የሚባለው ምልክት ለጎብኚ ይታያል። ክህደቱን በሕዝብ ፊት ሊያጸና ቃሉ አስቀድሞ ተጽፎ ነበር። ጸለየ፤ አለቀሰ፤ የተጻፈውን ጀመረ፤ ከመካከሉ ግን መንገዱን ለወጠ። የፈረመውን ሁሉ ሞትን ፈርቶ እንደ ፈረመ፤ የፓፓውን ሥልጣን እንደማይቀበል፤ ያን የፈረመች ቀኝ እጁም አስቀድማ እንደምትቃጠል ተናገረ። ጩኸት ሆነ። ከመድረኩ ጎትተው አወረዱት። እሱም ወደ መቃጠያው እየተፋጠነ ሄደ፤ እሳቱ ሲነሣም ቀኝ እጁን ወደ ነበልባሉ ዘረጋ። ዕድሜው 66 ነበር።

የጸሎቱ መጽሐፍ በ1559 በንግሥት ኤልሳቤጥ ዘመን ተመለሰ። ባልዋ የሞተባት ማርጋሬትም ቆይታ ያንኑ መጽሐፍ ካተሙት አንዱን፤ ኤድዋርድ ዊትቸርችን አገባች።