ከዳንግላ ቆንስላ እስከ ካርቱም የመረጃ ቢሮ

ሜጀር ሮበርት ቺዝማን እ.ኤ.አ. በ1878 በእንግሊዝ ሀገር የተወለዱ የአዕዋፍና የእንስሳት ተመራማሪ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1925 የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል ሆነው ተሾሙ፤ መቀመጫቸውም ዳንግላ ሆነ። እንግሊዝ በዚያ ቆንስላ ማኖሯ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ሱዳንንና ግብፅን የሚያጠጣው የጣናና የዓባይ ውኃ እጅግ ያሳስባት ነበር።

ቺዝማን በበቅሎና በእግር የዓባይን ሸለቆ ተከትለው በመጓዝ፣ ቀድሞ በካርታ ላይ በትክክል ያልሰፈረውን የወንዙን አካሄድ መዘገቡ። የጣናን ደሴቶችና ገዳማትም ጎበኙ። መንገዱን የመሯቸው፣ መሻገሪያውን ያመለከቷቸው የአገሬው ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1934 ከቆንስልነት ተሰናብተው ወደ ሀገራቸው ተመለሱ፤ በ1936ም ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የጻፉትን መጽሐፍ አሳተሙ። በዚያው ዓመት የፋሺስት ጦር አዲስ አበባን ያዘ።

የጎጃም አርበኞች ለአራት ዓመታት ያህል ጠላትን በራሳቸው አቅም ሲዋጉ ቆዩ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1940 ጣሊያን በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ስታውጅ ግን ሁኔታው ተለወጠ። ዕድሜያቸው ስልሳን ያለፈው ቺዝማን ከጡረታ ተመልሰው በካርቱም የኢትዮጵያን ጉዳይ የሚከታተለውን የመረጃ ክፍል መሩ። በሰላም ጊዜ ስለ መንገዱ፣ ስለ ወንዙና ስለ ሕዝቡ ያወቁት ሁሉ አሁን ለጦርነቱ ተፈለገ።

ከካርቱም ለጎጃም መሪዎች ደብዳቤዎች ተላኩ፤ ከተቀባዮቹ አንዱ የአገው ምድሩ አርበኛ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ ነበሩ። ደብዳቤዎቹን ያደረሱት በጠላት ይዞታ መካከል በድብቅ የተጓዙ መልእክተኞች ናቸው፤ ቢያዙ ሕይወታቸውን ያጡ ነበር። በነሐሴ ወር ኮሎኔል ዳንኤል ሳንፎርድ ከጥቂት ሰዎች ጋር ወደ ጎጃም ገቡ። በእርሳቸው ሸምጋይነትም ተቀናቃኝ የነበሩት ደጃዝማች መንገሻና ነጋሽ በዛብህ በጋራ ለመዋጋት ተስማሙ።

ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ወደ ሀገራቸው ገቡ። በቀጣዩ ወር የጣሊያን ጦር ዳንግላን ለቆ ወጣ። ቺዝማንም በኋላ በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን አማካሪ ሆነው እስከ 1944 እ.ኤ.አ. ካገለገሉ በኋላ በ1962 ዐረፉ።

የቺዝማን ስም በመጽሐፍና በካርታ ታሪክ ተመዝግቧል። ደብዳቤውን በልብሳቸው ሸሽገው የተሻገሩት የብዙዎቹ ስም ግን በመጽሐፍ አልገባም፤ ካርቱም የነበረው ቢሮ ያለ እነርሱ ዐይንም ጆሮም አልነበረውም።