አፉ ሲዘጋ እጁ ያልቦዘነ ሰው

በዚህ እትም ስለ አንድ አባታችን ላጫውታችሁ። ስሙን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎመው ኦኔሲሞስ ነሲብ ነው። እኔን በጣም የነካኝ ግን መንገድ ሁሉ በተዘጋበት ጊዜ ያደረገው ነገር ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የተወለደው በ1850ዎቹ በኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አካባቢ ነው። የመጀመሪያ ስሙ ሂካ ነበር፤ በኦሮምኛ መፍታት፣ መተርጎም ከሚለው ቃል የመጣ ነው። አራት ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞተ። ገና ልጅ ሳለ ባሪያ ፈንጋዮች ከእናቱ እቅፍ ነጥቀው ወሰዱት። ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ፤ ስምንት ጌታ ተፈራረቀበትና ምጽዋ ደረሰ።

ምጽዋ እኛ ካለንበት ከጅዳ ባሕሩን ተሻግሮ፣ ወደ ደቡብ ያለችው ወደብ ናት። ያን ጊዜ እዚያ የተጫነ ባሪያ የሚራገፈው በዚህ ወገን ነበር፤ ጅዳም ትልቅ የባሪያ ገበያ ነበራት። ሂካ ግን አልተሻገረም። ሙንዚንገር የሚባል የስዊስ ሰው ነፃ አወጣውና ምጽዋ ለነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተሰጠ። በ1872 በፋሲካ ዕለት ተጠመቀ። ስሙም ኦኔሲሞስ ተባለ፤ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ አናሲሞስ የምንለው ነው፣ ጳውሎስ ስለ እሱ ለፊልሞና የጻፈለት ያ ባሪያ።

ስዊድን ሄዶ አምስት ዓመት ተማረና ተመለሰ። ምህረት ኃይሉን አገባ። ልቡ ያለው ግን አገሩ ወለጋ ገብቶ ወንጌል ማስተማር ላይ ነበር። በሱዳን በኩል ሞከረ፤ ድንበር ደርሶ መንገዱ ተዘጋ፣ በንዳድ ታሞ በ1882 ካርቱም ተመለሰ። ሌላም ጊዜ ሞከረ፣ አልሆነለትም።

እንግዲህ እህቶቼ፣ እዚህ ላይ እኛ ብንሆን ምን እናደርግ ነበር? እሱ ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ቁጭ ብሎ ትርጉም ጀመረ። ግን አንድ ችግር ነበረበት። በልጅነቱ ከአገሩ ስለወጣ የገዛ ቋንቋው አይሞላለትም ነበር። የተማረ ሰው ይህን ማመን ያሳፍረዋል። እሱ ግን እርዳታ ፈለገ። ካገዙት ዋናዋ አስቴር ጋኖ የምትባል ወጣት ነበረች። እሷም ባሪያ ነበረች፤ በ1886 ወደ ዐረብ አገር ልትሸጥ በመርከብ ተጭና ስትሄድ ጣሊያኖች ባሕር ላይ አስጥለዋት ነው እምኩሉ የገባችው። አስቴር ወደ 15,000 የሚሆኑ የኦሮምኛ ቃላት ሰበሰበች። ተረቱንም፣ ምሳሌውንም፣ ዘፈኑንም ከአእምሮዋ አውጥታ ጻፈች። አዲስ ኪዳን በ1893 ታተመ፣ መላው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 በስዊዘርላንድ፣ በእኛው በግዕዝ ፊደል። ሂካ ስሙን ቢቀይሩትም የስሙን ሥራ ሠራው።

ነቀምት የገባው በ1904 ነው። ከስዊድን ከተመለሰ 23 ዓመት አልፎት ነበር! ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በክብር ተቀበሉት። ብዙም ሳይቆይ ተከሰሰ። በ1906 አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀርቦ እንዲሰደድ ተፈረደበት። አፄ ምኒልክ ፍርዱን ለወጡና ወደ ነቀምት ይመለስ፣ ነገር ግን አይስበክ አሉ። ያን ሁሉ ዘመን የጠበቀው ሰው ሊያገለግላቸው ከመጣላቸው ሰዎች መሀል ተቀምጦ ዝም በል ተባለ።

እሱ ግን አኩርፎ አገሩን ጥሎ አልሄደም። ትምህርት ቤቱን ይዞ ልጆች ፊደል ማስቆጠር ቀጠለ። ዛሬ ፊደል የለየ ልጅ ነገ መጽሐፉን ራሱ ያነበዋል። አሥር ዓመት እንዲህ ኖረ፤ በ1916 ልጅ ኢያሱ የመስበክ ፈቃድ ሰጡት። በ1931 እዚያው ነቀምት እስኪያርፍ አገለገለ።

የመሪ መንፈሳዊ ሕይወት ለእኔ እዚህ ላይ ነው የሚታየው። መድረክ ላይ ሲቆም ሁሉም ያየዋል። መድረኩ ሲነሳበት ግን ከእግዚአብሔር ጋር ብቻውን ይቀራል።

ከመካከላችን በፓስፖርቷ ላይ የሌላ ሰው ስም ይዛ የመጣች አለች። መካ ቤት ገብታ፣ እሑድም ዓርብም ሳታውቅ፣ መዝሙር በልቧ ብቻ የምትዘምር አለች። ብዙ ጊዜ ዘመኔ በከንቱ አለቀ እያልን እናለቅሳለን። እኔም ብያለሁ። ኦኔሲሞስ ግን የጠፋ በመሰለው ዘመኑ ነው ትልቁን ሥራ የሠራው። ስለዚህ ፊደል የማታውቅ እህት አብራሽ ካለች በማታ አንድ አንድ ፊደል አስቆጥሪያት። አንቺም የማታውቂውን ከታናሽሽ ለመጠየቅ አትፈሪ።

ጌታ በያለንበት ይጠብቀን።

እህታችሁ፣ ከጅዳ