ሞተር ሳይኖር የሞተሩን አየር የለካው ሰው

ስልካችሁን ከመኪና ጋር የሚያገናኘውን ትንሽዬ ስካነር የሞከራችሁ ታውቁታላችሁ። አዲስ አበባ ላይ ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ብቻ ከፍታችሁ የማፕ ሴንሰሩን ስታዩ 76 ገደማ ይላል። ያው መኪና ጅቡቲ ወደብ ቢሆን 101 ገደማ ባለ። የፈረንጅ ቪዲዮ አይቶ “100 መሆን ነበረበት” በሚል ደህናውን ሴንሰር የሚያስቀይር ሰው አይጠፋም። ከቁጥሩ ጎን ያለው “ኪሎ ፓስካል” ግን መልሱን ይዟል፤ እኔም የሰውየውን ታሪክ ማንበብ የጀመርኩት በሱ ምክንያት ነው።

ብሌዝ ፓስካል በ1623 ፈረንሳይ ክሌርሞን ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። እናቱ በ3 ዓመቱ ሞተችበት። አባቱ ትምህርት ቤት ሳይልከው ራሱ አስተማረው። አባትዬው የግብር ሹም ነበርና በሂሳብ ሲደክም ያየው ልጅ በ19 ዓመቱ የሚደምርና የሚቀንስ ማሽን መሥራት ጀመረ። ጤና ግን አልታደለም።

ያኔ ጣሊያናዊው ቶሪቼሊ በሜርኩሪ የተሞላ ቱቦ ሜርኩሪ ባለበት ሳህን ላይ ሲደፋ ፈሳሹ 76 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ላይ እንደሚቆም አሳይቶ ነበር። (ከላይኛው 76 ጋር መመሳሰሉ አጋጣሚ ነው።) ምን ደግፎ ያዘው? ምሁራኑ ተጨቃጨቁ። ፓስካል ደግሞ፣ የሚገፋው የአየር ክብደት ከሆነ ተራራ ላይ መቀነስ አለበት ብሎ አሰበ።

ተራራውን የወጣው ግን እሱ አይደለም፤ የእህቱ ባል ፔሪዬ ነው። መስከረም 19 ቀን 1648 አንዱን ቱቦ ገዳም ግቢ ውስጥ ለመነኩሴ አስጠብቆ ሌላውን ይዞ ፒዩ ደ ዶም ተራራ ላይ ወጣ። ጫፉ ላይ ሜርኩሪው 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ወርዶ ተገኘ። የታችኛው ቀኑን ሙሉ ንቅንቅ አላለም። በቃ፣ ክርክሩን ያስተካከለው ይሄ ነው።

የማፕ ሴንሰርም ሥራው ያው ነው፤ ሜርኩሪው ብቻ ቀርቷል። ውስጡ በጣም ስስ የሲሊከን ገበታ አለ፤ ባንድ በኩሉ አየር አልባ ክፍተት፣ በሌላው ሞተሩ የሚስበው አየር። ግፊቱ ገበታውን ሲያጎብጠው ኤሌክትሪኩ ይለወጣል፤ ኮምፒውተሩም ከአየሩ ሙቀት ጋር አስልቶ ስንት ቤንዚን እንደሚረጭ ይወስናል። አንዳንድ መኪኖች ግፊቱን ትተው የሚገባውን አየር በጋለ ሽቦ ይለካሉ፤ አየሩ ሽቦውን ያቀዘቅዘዋል፣ ሙቀቱን ለመመለስ የፈጀው ኤሌክትሪክ የአየሩን መጠን ይናገራል። ሴንሰሩ ከዋሸ ኮምፒውተሩ አምኖት ቤንዚኑን ያለ ልክ ያፈሰዋል፤ የሚከፍለው የናንተ ኪስ ነው። 76 ግን ውሸት አይደለም፤ ከፍታ ላይ ስላለን ነው።

ፓስካል መኪና ባያይም ትራንስፖርት ውስጥ ገብቶ ነበር፤ በ1662 ፓሪስ ውስጥ በተወሰነ መስመር በ5 ሶል የሚጭኑ የፈረስ ጋሪዎችን አስጀመረ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ በ39 ዓመቱ ሞተ። የግፊት መለኪያ በስሙ የተጠራው በ1971 ነው።